ሜዳው ባለቤት አለው!



አንድ ማለዳ ከሱብሒ ሰላት ስንመለስ በሰፈራችን ሜዳ ላይ አናታቸው ቀይ ቀለም የተቀባ የእንጨት ካስማዎች ተተክለው አገኘን። ከካስማ ወደ ካስማ የተወጠረው ሲባጎ ሜዳውን ከጎኑ ካለው የግል ትምህርት ቤት አጥር ጋር አገናኝቶታል። ጥበቃውን ብንጠይቀው ትምህርት ቤቱ ሊሰፋ መሆኑን ነገረን። ቀበሌ ሄድን፤ የተለጠፈ ማስታወቂያ የለም። የእድሩን ዳኛ ጠየቅን፤ የተጠራ ስብሰባ የለም። በሜዳው ዙሪያ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ አዳረስን፤ አስተያየቱን የተጠየቀ አንድም ሰው አላገኘንም።

ሰፈሩንም ትምህርት ቤቱንም በስም አንጠራም። ጉዳዩ ገና በሽማግሌ እጅ ነው፤ የጎረቤትን ስም አደባባይ ማውጣትም ሌላው መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ የሚመጣ እንጂ የሚቀድም እርምጃ አይደለም። ደግሞም ስም ባንጠራ ጉዳት የለውም። እንዲህ ያለ ሜዳ በየከተማው አለና እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ያውቀዋል።

ይህ ሜዳ ለማያውቀው ሰው ባዶ መሬት ሊመስል ይችላል። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጆች የጨርቅ ኳስ የሚጫወቱት እዚያ ነው። ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ተቀምጦ ሐዘንተኛውን ያጽናናል። የኒካሁም የሠርጉም ዳስ የሚጣለው እዚያ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደመራቸውን የሚያበሩት፣ እኛም በረመዳን ምሽት ልጆቻችንን የምናናፍሰው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከላይ ሰፈር የሚወርደው ጎርፍ ሣሩ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይበርዳል፤ ከፊሉም ወደ መሬት ይሰርጋል። ሜዳው ነገ ሲሚንቶ ለብሶ ግቢ ቢሆን ያ ውሃ መሄጃ አያጣም፤ የሚገባው ከሜዳው በታች ባሉት የጭቃ ቤቶች ነው። በእነዚያ ቤቶች የሚኖሩት ደግሞ ልጆቻቸውን በዚያ ትምህርት ቤት የማስተማር አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች ናቸው።

«ዝም በሉ፣ የኛው ሰው ነው»

ነገሩን ከባድ ያደረገብን ሌላ ጉዳይ አለ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ከጀመዓችን ናቸው። ለመስጂዱ ጣሪያ ከኪሳቸው ያወጡ፣ የብዙ የቲሞችን የትምህርት ክፍያ የሸፈኑ፣ እህቶቻችን ሒጃባቸውን ለብሰው ያለ ጭንቀት የሚማሩበትን ግቢ የከፈቱ ሰው ናቸው። ስለዚህም ካስማዎቹ በታዩ ማግስት ከሰላት በኋላ የሰማነው ወሬ «ዝም በሉ፣ የኛው ሰው ነው» የሚል ነበር። «ሌላው ሲወስድ ዝም ተብሎ የኛ ሰው ሲሆን ነው ወይ ጩኸቱ?» ያሉም ነበሩ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ወሬ የተሰጠ መልስ ነው።

እኛ ለዓመታት ስንጠይቅ የኖርነው ግልጽ ነገር ነው። በኛ ጉዳይ ላይ ያለ እኛ አይወሰን፤ ከመወሰኑ በፊት እንጠየቅ፤ ስንናገርም እንደመጥ ብለናል። ይህንን ስንጎዳ ብቻ የምናነሳው፣ ስንጠቀም የምናስቀምጠው ከሆነ ግን መብት አልጠየቅንም፤ የወገን ጥቅም ጠየቅን ማለት ነው። የዚያ ሰፈር ክርስቲያን እናት ሜዳዋ ያለ ፈቃዷ ሲታጠር «እናንተ ስለ ፍትሕ ትናገሩ አልነበር?» ብትለን ምን እንመልስላታለን? አላህ በቁርኣን ያዘዘን በራሳችን፣ በወላጆቻችንና በዘመዶቻችን ላይ ቢሆን እንኳ ለፍትሕ እንድንቆም ነው። ትእዛዙ ባለጸጋን ከድሃ፣ ዘመድን ከባዳ አይለይም።

በኢስላም ታሪክ ለዚህ ጉዳይ እጅግ የቀረበ ምሳሌ አለ። የጋራ የግጦሽ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ተከልሎ የሚጠበቅበት ሥርዓት ሒማ ይባላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አን-ነቂዕ የተባለውን ቦታ ሒማ አድርገው ከልለውት ነበር። በኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዘመን ደግሞ ዑመር ለሒማው ጠባቂ የሰጡት መመሪያ በሐዲስ ኪታቦች ተመዝግቦ ይገኛል። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ እንዲያስገባ፣ የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍና የዑስማን ኢብኑ ዐፋን መንጋ ግን እንዳይገባ ነበር ያዘዙት። እነዚህ ሁለቱ ጀነት የተበሰሩ ታላላቅ ሶሓቦች ናቸው፤ ለዲኑ ያወጡት ሀብትም ዛሬ ድረስ ይወሳል። ዑመር የከለከሏቸው ጠልተዋቸው አይደለም። የሁለቱ ከብት ቢያልቅ የሚመለሱበት የተምርና የእርሻ መሬት አላቸው፤ የድሃው ከብት ካለቀ ግን ልጆቹን ይዞ የኸሊፋው ደጅ ላይ ከመቆም ሌላ መንገድ የለውም። 

የኛም ጥያቄ ይኸው ነው። ትምህርት ቤቱ ሜዳውን ባያገኝ ሌላ መንገድ አለው። ልጆቹና የታችኛው ሰፈር ሰዎች ሜዳውን ቢያጡ ግን ምን መንገድ አላቸው?

ከኦቾሎ የምንማረው

ከሜዳው ማዶ አንድ የጋሞ አባት ይኖራሉ፤ ትውልዳቸው ከኦቾሎ ነው። ካስማዎቹን ባዩ ጊዜ ማን እንደተከላቸው ከመጠየቃቸው በፊት የት ተመክሮ እንደተተከሉ ነበር የጠየቁን። የትም እንዳልተመከረ ስንነግራቸው እንዲያ ከሆነ ገና አልተተከሉም ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። የአነጋገራቸው ትርጉም የገባን ቆይተን ነው።

ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያይ አለታማ ከፍታ ላይ የተመሠረተች የጋሞ መንደር ናት። በጋሞ ምድር ሕዝብ የሚመክርበት ቦታ ዱቡሻ ይባላል። ዱቡሻ ጣሪያም ግድግዳም የለውም፤ ሰዎች በድንጋይና በሣር ላይ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ሜዳ ነው። የድንበር ክርክር፣ የጎረቤት ጠብ፣ የጋራ ሥራ፣ የመሪዎች ሹመት ሁሉ የሚታየው እዚያ ነው። ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፤ ተናጋሪው ተነስቶ ይናገራል፤ ሌላው ያዳምጣል፤ ነገሩ እስኪበስል ድረስ ጉባኤው ይመላለሳል። ቦታው የማንም የግል ይዞታ አይደለም። ማንም ስለማይይዘው ነው ሁሉም የሚዳኝበት።

ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ማርክ አቤሌስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደ ኦቾሎ መጥቶ ያጠናው ይህንኑ የጉባኤ ሥርዓት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የፖለቲካ ቦታ» እንደማለት ነው። ለኛ ጉዳይ ይህ ርዕስ ብዙ ይናገራል። ምክክር በአየር ላይ አይቆምም፤ ሰዎች ፊት ለፊት የሚቀመጡበት መሬት ይፈልጋል።

ዱቡሻ ጉድለት አልነበረበትም እያልን አይደለም። በቀደመው ሥርዓት ሴቶች፣ እንዲሁም ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ከሌላው እኩል ድምፅ አልነበራቸውም። እኛ የምንጠይቀው ስብሰባ ከዚያ የሰፋ መሆን አለበት። ሆኖም ሥርዓቱ ያስቀመጠው አንድ መሠረት ጸንቶ ሊቆይ ይገባዋል። የሁሉ የሆነ ቦታ ሁሉም ሳይመክርበት አይነካም።

ያ ባህል የሙዚየም ዕቃ ሆኖ አልቀረም። በመስከረም 2011 ከቡራዩው ግድያ በኋላ በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲወጡ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። ያንን ምስል አገር ሁሉ አይቶታል፤ ብዙዎቻችንም አልቅሰንበታል። ሣሩ የእርቅ ምልክት ነው። ያንን ምስል አድንቀን ስናበቃ ለሣሩ ማደሪያ የሚሆን መሬት ግን ለመጀመሪያው ጠያቂ የምንሰጥ ከሆነ አድናቆታችን ከአፍ ያለፈ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

ከሰፈሩ የተመረጡ ሰዎች ወደሚመለከተው ቢሮ ሄደው ነበር። የተሰጣቸው መልስ ቦታው «ክፍት» ስለሆነ ለልማት ሊሰጥ ይችላል የሚል ነው። ፕላኑን አሳዩን ሲሉ ሌላ ቀን ኑ ተባሉ። በዚያ ሌላ ቀንም እንዲሁ ተባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ቃል መስተካከል አለበት። በከተማ ፕላን ክፍት ቦታ ማለት ሥራ ፈትቶ ተረካቢ የሚጠብቅ መሬት ማለት አይደለም። ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የተወሰነለት ቦታ ነው፤ ክፍትነቱ ራሱ አገልግሎቱ ነው። መንገድም ቤት ስላልተሠራበት ባዶ ነው አይባልም። አዲስ አበባ በመዋቅራዊ ፕላኗ ከመሬቷ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ የመደበችው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አረንጓዴው ትርፍ ሆኖ የቀረ ሳይሆን እንደ ሌሎቹ የተመደበ ድርሻ ነው።

ሕገ መንግሥቱም ግልጽ ነው። በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ካርታ የሚፈርመው ባለሥልጣን የሕዝብ አደራ ጠባቂ እንጂ ባለንብረት አይደለም። በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን የመጠየቅ መብት አላቸው። በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ተረጋግጧል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ጥበቃን የሚመለከት እቅድ ሲወጣና ሲፈጸም የሚነካው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። እነዚህን አንቀጾች ስንደረድር ማስፈራራታችን አይደለም። ጥያቄያችን ሕጉ ውስጥ ያለ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ዝርዝር ሕጎችም አሉ። ስለ ከተማ ፕላን የወጣው አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲሳተፍ ይፈልጋል። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የከተማ መሬት በጨረታ ወይም በምደባ እንደሚሰጥ ያስቀመጠ ሲሆን፣ በዚያ አዋጅ መሠረት ትምህርትን በክፍያ የሚሰጥ የግል ድርጅት መደበኛ መንገዱ ጨረታ ነበር። ጨረታ ደግሞ በአደባባይ ይወጣል፤ በሌሊት በተተከለ ካስማ አይጀመርም። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ደግሞ በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ማንኛውም ሰው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል፤ በግሉ የተጎዳ መሆኑን እንዲያስረዳ አይገደድም። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። ይህንን መብት የሚያውቅ ነዋሪ ስንት ነው? መብትን የማያውቅ ሰው ደግሞ በቀላሉ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ድንጋይ ያነሳል። ሁለቱም አይጠቅሙም።

ትምህርት ቤት ልማት አይደለም ወይ?

ነው እንጂ! ትምህርት ቤት ጠልተን አልተነሳንም። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ምን ያህል እንደተጨናነቁ እናውቃለን። ልጆቻቸውን በግል ትምህርት ቤት ለማስተማር ከቀለባቸው የሚቀንሱ ወላጆችም የሰፈራችን ሰዎች ናቸው። መምህራኑም ከዚያ ደመወዝ ቤታቸውን ያስተዳድራሉ። ትምህርት ቤቱ እንዲያድግ እንፈልጋለን።

ጥያቄያችን የሚያድገው በማን ላይ ነው የሚል ነው። የሜዳው ተጠቃሚዎች ልጆች ናቸው፤ የትምህርት ቤቱም ተጠቃሚዎች ልጆች ናቸው። ልዩነቱ የመጀመሪያዎቹ አለመክፈላቸው ነው። ያለ ክፍያ የሚጫወተውን ልጅ አስወጥቶ የሚከፍለውን ማስገባት ከስሙ በስተቀር ለልጆች የተደረገ ነገር የለውም። ሕጻን የሚማረው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ አይደለም። ተራ መጠበቅን፣ መሸነፍን፣ ከሌላ ሃይማኖት ልጅ ጋር ተጣልቶ መታረቅን የሚማረው ሜዳ ላይ ነው። በሰፈራችን የአሕመድና የማቴዎስ ጓደኝነት በስብሰባ አልተጀመረም፤ በኳስ ነው የተጀመረው።

ሌላም ነገር አለ። በ2011 ክረምት በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ሁላችንም አካፋ ይዘን ወጥተናል፤ የዚያው ትምህርት ቤት ተማሪዎችም ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ተክለዋል። ለልጆቹ በክረምት አረንጓዴ ትከሉ ብለን በበጋ አረንጓዴውን ስናጥር ቢያዩ የሚማሩት የትኛውን ትምህርት ነው?

ትምህርት ቤቱ ያለውን ግቢ ወደ ላይ በፎቅ ሊያሳድገው ይችላል። ሌላ ቦታ በጨረታ ተወዳድሮ ሊወስድና ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሊከፍት ይችላል። ሜዳውንም ቢሆን ከነጭራሹ አይንካ አላልንም። ከሰፈሩ ጋር ተፈራርሞ ተማሪዎቹ በስፖርት ክፍለ ጊዜያቸው ቢጠቀሙበት፣ በምትኩም ዛፍ ቢተክልበትና የጎርፍ መውረጃውን ቢጠርግለት እንመርቀዋለን። የማንቀበለው አጥሩን ነው።

ናይሮቢ ላይ የሆነው

የጎረቤቶቻችን ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረናል። በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ የላንጋታ ሮድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች በጥር 2007 (ጃንዋሪ 2015) ከእረፍት ሲመለሱ የመጫወቻ ሜዳቸው በግንብ ታጥሮ አገኙት። እዚያ የሆነው የኛ ግልባጭ ነው። ባለ ገንዘብ የትምህርት ቤቱን ሜዳ ወሰደ። ልጆቹ ከአክቲቪስቶች ጋር ሆነው ግንቡን ሲገፉ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰባቸው፤ የተጎዱም ነበሩ። የዩኒፎርም ልብስ የለበሱ ሕጻናት በጭስ ውስጥ ሲሮጡ የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን አዳረሰ። መንግሥትም ይቅርታ ጠየቀ፤ ሜዳውም ለትምህርት ቤቱ ተመለሰ።

ከዚህ የምንወስደው የመጀመሪያ ትምህርት የሕዝብ ቦታ ሰነድ ከሌለው ለነጣቂ የተጋለጠ መሆኑን ነው። ከዚያ ክስተት በኋላ በኬንያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የመሬት ማረጋገጫ እንዲሰጣቸው ሰፊ ዘመቻ የተደረገው ለዚህ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ ለኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ልጆችን ከፊት ማሰለፍ የለብንም! ሜዳው የነሱ ነው፤ ጭሱን መቀበል ግን የነሱ ዕጣ አይደለም።

በዚያችው ከተማ ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ኡሁሩ ፓርክ ላይ 60 ፎቅ ሊቆም ታቅዶ ነበር። ዋንጋሪ ማታይ የተባለችው ሴት ይህንን የተቃወመችው በደብዳቤ ነው። ለፕሬዚዳንቱ ቢሮ፣ ለከተማው አስተዳደር፣ ለባለሀብቶቹና ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች ደጋግማ ጻፈች። ተሰደበች፤ ከቢሮዋም ተባረረች። በመጨረሻ ግን ገንዘብ የሚያወጡት ወገኖች አፈገፈጉና ሕንጻው ቀረ። ፓርኩ ዛሬም ፓርክ ነው። እርሷም እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተቀበለች። ብዕርና ትዕግሥት 60 ፎቅ ካስቀሩ አንድ የቆርቆሮ አጥር አያስቀሩም ማለት አይቻልም።

የምንጠይቀው

ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አራት ጥያቄ አለን።

አንደኛ፣ የሰፈሩ ፕላን በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሜዳው በፕላኑ ላይ ምን ተብሎ እንደተመዘገበ ሁላችንም እንይ።

ሁለተኛ፣ ጉዳዩ ተመክሮበት እስኪወሰን ድረስ ቅየሳውና አጥሩ ይቁም።

ሦስተኛ፣ ስብሰባ ይጠራ፤ የሚጠራውም በቢሮ ውስጥ ሳይሆን በሜዳው ላይ ይሁን። በእድሩ፣ በመስጂዱና በቤተ ክርስቲያናቱ ቀድሞ ይነገር። እናቶች፣ ወጣቶች፣ ተከራዮችና የታችኛው ሰፈር ሰዎች ይናገሩ፤ ቃለ ጉባኤም ይያዝ።

አራተኛ፣ ስብሰባው ሜዳው ሜዳ ሆኖ ይቆይ ካለ በሕዝብ ስም ማረጋገጫ ይሰጠው። ያለዚያ ካስማው ዛሬ ቢነቀል ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ስም ይመጣል።

ለትምህርት ቤቱ ባለቤትም ቃል አለን። አባታችን፣ ውለታዎን አልረሳንም፤ እንዲረሳም አንፈቅድም። የቲሞቹ ዱዓ ከርስዎ ጋር ነው። ይህንን የምንጽፈው ስለምናከብርዎት ነው፤ የማናከብረው ሰው ቢሆን ኖሮ ከኋላው እናማው ነበር እንጂ ፊት ለፊት አንነግረውም ነበር። መልካም ሥራዎ በጎረቤት ቅሬታ ላይ እንዳይገነባ እንሰጋልዎታለን። ወረቀቱ ቢሟላልዎት እንኳ ሕጻናት እያለቀሱ የተሰጠ መሬት በረካ አይኖረውም። በራስዎ ፈቃድ ካስማውን ቢያነሱ ግን ከፎቁ በላይ የሚታይ ስም ያተርፋሉ።

ለሰፈራችን ወጣቶች ደግሞ አደራ አለን። ካስማዎቹን በሌሊት ለመንቀል ያሰባችሁ እንደነበራችሁ እናውቃለን። ሽማግሌዎቹም ያስቆሟችሁ ልክ ናቸው። ካስማው በተነቀለ ማግስት ጥያቄው «መሬቱ እንዴት ተሰጠ?» መሆኑ ያበቃና «ካስማውን ማን ነቀለ?» ይሆናል። እኛ የምንፈልገው የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ እንዲያገኝ ነው። የትምህርት ቤቱን መምህራንና ተማሪዎች በክፉ ዓይን እንዳታዩ፤ አንዲት ድንጋይ ወደዚያ ግቢ እንዳትወረወር። ከሁሉም በላይ ነገሩን የሙስሊምና የክርስቲያን፣ የተወላጅና የመጤ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ካያችሁ ከእርሱ ራቁ። ያ ሰው ሜዳውን አይፈልገውም፤ የሚፈልገው እሳቱን ነው።

የአቤቱታው ወረቀት ሲዞር የመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች የጀመዓችን ሰዎች እንዲሆኑ ያደረግነውም ለዚህ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሁለተኛውን ገጽ ሞሉት። ያ የኦቾሎ አባት መፈረም ስለማይችሉ በአውራ ጣታቸው አተሙ። ወረቀቱን አጥፈን ስንነሳም ስብሰባው ሲጠራ ድንጋያቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነገሩን፤ የሚቀመጡበትን ድንጋይ ማለታቸው ነበር።

እኛም እንመጣለን፤ ኢንሻአላህ። ጥያቄያችን መልስ እስኪያገኝ ድረስ ሜዳው ላይ ቁጭ ብለን በሰላም እንጠብቃለን። ለፍትሕ መቆም በወገን ላይ ሲሆን እንደሚከብድ እናውቃለን። የምንጠይቀው መብት እውነተኛ መሆኑ የሚለካውም በዚያ ነው።

ሜዳው ባለቤት አለው! የሰፈሩ ድምፅ ይሰማ!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ